ከሁሉ ኋላ የሚወጡት አቶ ኦረስት

በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ፣ የቱንም ያህል ብታንስ፣ ድሮ በፉትቦል ስሙ የገነነ አንድ ሰው አታጣም። የእኛም ከተማ አላጣችም። ክቡር አቶ ኦረስት ህናቲዩክ በወጣትነታቸው ደሞዝ የሚቆረጥላቸው የኋላ ተከላካይ ነበሩ። በእጅ የምትያዘውን ሞላላ ኳስ ሊቀበል የሚከንፈውን ሰው እያዩ ወደ ኋላ መሮጥ፣ ከጀርባቸው እንዳያልፍ መከልከል፤ እንጀራቸው ይኸው ነበር። መጫወት ካቆሙ ወዲህ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ሥራውን ግን አልተዉትም።

ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጡት የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው። ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ከኋላቸው ከቆመ ደግሞ አይሆንላቸውም፤ "እለፍ ወንድሜ፣ እለፍ" እያሉ ተራቸውን ይለቃሉ።

"ወተት ግዛ ብዬ ስልከው ሱቁን አዘግቶ ነው የሚመጣው" ትላለች ባለቤታቸው ዳሪያ።

ከሰው ቤት ሲወጡም ፊታቸውን ወደ ባለቤቱ አድርገው፣ እያወሩ፣ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የቲማቲም ችግኜን ረግጠው የጨረሱት እንዲህ ሲሰናበቱኝ ነው።

ምክራቸው አንድ ነው፤ "ዓይኑን ተወው፣ ወገቡን እይ።" ሯጭ በዓይኑ ወደ ግራ አታሎ በወገቡ ወደ ቀኝ ይታጠፋል ነው ነገሩ። እሳቸው ግን ለሁሉም ነገር ያዝዙታል። አሮጌ ትራክተር ልገዛ ስስማማ ጎትተው አስቀሩኝ።

"ወገቡ ወደ በሩ ዞሯል። ሊያመልጥህ ነው" አሉኝ ሻጩ እየሰማ።

ትራክተሩን ጎረቤቴ ገዛው። እስከ ዛሬ ሸጋ አድርጎ ያርሳል።

በከተማችን ግን እሳቸው ፊት የማይነሳ አንድ ነገር አለ። በመጨረሻው ዓመታቸው፣ በዋንጫው ጨዋታ፣ አንድ ፈጣን ልጅ ከጀርባቸው አልፎ ኳሷን ቀለባት። ዋንጫው በዚያው ሄደ። እዚህ አገር ሰው ቀብር ላይ ስለ ውርስ ያወራል፤ ስለዚያች ኳስ ግን በኦረስት ፊት ትንፍሽ አይልም።

ይህን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አንድ ክረምት ከግብዣ ስመለስ የበረዶ ውሽንፍር መንገዱን ሰወረብኝና መኪናዬ ቦይ ገባች። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ከኋላ መብራት መጣ። አቶ ኦረስት ናቸው። ሁሉም ሰው ካልወጣ ከግብዣ አይነሱም፤ ከዚያ በየቦዩ እያዩ በቀስታ ይነዳሉ። መኪናቸው ውስጥ ስሞቅ ምላሴም ተፈታ።

"ያቺን ኳስ እኮ ነፋስ ነው የወሰዳት" አልኳቸው።

መሪውን እንደያዙ፣ "ነፋስ አልነበረም። ዓይኑን አየሁ። አለፈኝ" አሉ። "ቀበቶህን እሰር።"

ዘንድሮ የከተማችን የመኸር እራት ላይ ትኩሳት ይዟቸው መጡ። ውጭ በረዶው መጣል ጀምሯል። ዳሪያ ግንባራቸውን ዳስሳ፣ "ተነስ፣ ቤት እንሂድ" አለቻቸው።

"ሰው ወጥቶ ሲያልቅ" አሉ እየሳሉ።

"ኦረስት፣ እያተኮሰህ እኮ ነው።"

"ሰው ሲያልቅ አልኩሽ።"

የሰውየውን ግትርነት እናውቃለን። ገና ድንች የተሞላው ሊጥ፣ ፒሮጊው፣ ከሳህናችን አላለቀም፤ ዳሪያ የጋገረችው ጣፋጭ፣ የቤሪ ፍሬ የተሞላው ፓይም አልተቆረሰም። እሷ ወደ እኔ አየች። ተነስቼ ካፖርቴን ለበስኩ።

"ደክሞኛል፣ ደህና እደሩ" አልኩ ጮክ ብዬ።

ፓይ ሳይደግሙ ወጥተው የማያውቁት ቄሳችን አንዴ እኔን፣ አንዴ ኦረስትን አዩና፣ "እኔም ማልጄ እነሳለሁ" ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። ከዚያ ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ። እንዲያ ያለ ውሸታም ጉባኤ አይቼ አላውቅም፤ የአንዱ ላም ልትወልድ ነው፣ ሌላው ምድጃውን ሳያጠፋ ነው የመጣው።

ከከተማው ስወጣ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። የመኪኖቻችን መብራት ተሰልፎ ይመጣል። ከሁሉም መጨረሻ፣ በቀስታ፣ በየቦዩ እያየ፣ የእሳቸው መብራት ተከተለን። እወዳቸዋለሁ፤ ባልወዳቸው ኖሮ የዳሪያን ፓይ ጥዬ አልወጣም ነበር።