ሲምፎኒ ለአንድ ጋራዥና ለአንድ ሳሎን

ጊታር በሚሰማበት ሰፈር ሁሉ፣ ጊታር ብቻውን የማይበቃው አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው ክቡር ማይስትሮ ይባላል። ስሙን ያወጣንለት ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን ከምሩ ወስዶ ሻርፕ ጠመጠመበት። በሥራው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በነፍሱ ግን የሮክ ባንድ መሪ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያለ ሮክ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንደጎደለው ያምናል። «ቫዮሊን ያንሰዋል!»

ይህን የማይልበት ቦታ የለም። ጎረቤት መኪናውን ሲያስነሳ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ቤዙ ግሩም ነው፤ ቫዮሊን ያንሰዋል» ይላል። የአማቱን ፍሪጅ ለጥገና ወስዶ፣ የሞተሩ ድምፅ ከፈለገው ቃና ጋር ካልገጠመ አልመልስም ስላለ፣ ሴትዮዋ ወተታቸውን ጎረቤት ሲያስቀምጡ ከረሙ።

በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የጭፈራ ዜማ ፉጋ አደረገው። ፉጋ ማለት፣ አንዱ መሣሪያ ዜማውን ይጀምራል፤ ሁለተኛው ያንኑ ዜማ ይዞ ያሳድደዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ያሳድዳል። ጨፋሪው ያነሳውን እግር የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። የሙሽራው አክስት ወደ መድረኩ ተጠግተው «ምን አጣላችሁ ልጆቼ? በሰው ሠርግ?» አሉ።

ድራም መቺው የመረረው ያን ቀን ነው። መዶሻ እንለዋለን። ከማይስትሮ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ እሱ ከሄደ ባንዱ የለም፣ ማይስትሮም የለም።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ያን ስትደርሰው የኖርከውን ሲምፎኒህን አንዴ እንጫወትልህ። ሰው ካልወደደው ስቲኬን ይዤ ሠርግ ባንድ እገባለሁ። ሰው የሚጨፍርበት!»

«አንዴ ይበቃል» አለ ማይስትሮ። «አንዴ የሰማው ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።»

እውነቱን ነበር።

ሲምፎኒው አራት ክፍል ያለው፣ ለሮክ ባንድና ለሙሉ ኦርኬስትራ የተደረሰ ነው። ሙሉው ኦርኬስትራ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ ቫዮሊን የምታስተምረው ጎረቤታችንና፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቼሎ የሚባለውን ትልቁን ቫዮሊን የለመድኩ እኔ። በጋራዡ አብረን ስንሞክር የመዶሻ ድራም የራሳችንን ድምፅ እንኳ መስማት ስለከለከለን፣ ባንዱ በጋራዡ፣ ኦርኬስትራው በመምህርቷ ሳሎን ተለማመደ። ማይስትሮ በሁለቱ መካከል እየሮጠ፣ ለኛ የነሱን፣ ለነሱ የኛን በአፉ ያዜም ነበር።

የኮንሰርቱ ዕለት አዳራሹ ሞላ። የመጀመሪያውን ክፍል ሁለታችን ብቻችንን ተጫወትን፤ አማረ። ሁለተኛውን ባንዱ ብቻውን ተጫወተ፤ አማረ። በሦስተኛው ሁላችንም አንድ ላይ ገባን።

እግዚኦ! ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ሴት ጥርሷን እንደነቀሏት ጉንጯን ያዘች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የባንዱ ዘፋኝ ድምፁ ሽቅብ አልወጣ ስላለው፣ ጊታሮቹን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው መቃኘት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ዘፋኙ እንዳይከፋው ማንም አያነሳውም፤ ሳያነሱት ሲኖሩ ራሳቸውም ረስተውታል። የኛ ክሮች ግን በመደበኛው ቃና ላይ ናቸው።

ማይስትሮ እጁን አነሳ። ሁላችንም አቆምን።

«ጊታሮቹ ከፍ ይበሉ» አለች መምህርቷ።

«ጉሮሮዬስ?» አለ ዘፋኙ። «እናንተ ውረዱ!»

«ቫዮሊን ለጊታር አይወርድም!»

«ለፍሪጅ ጠጋኝ ወርዶ የለ እንዴ?»

አዳራሹ ጠቡም የሲምፎኒው ክፍል መስሎት በጽሞና ይከታተላል። አንዱ ሚስቱን «ዝም በይ፣ ገና አሁን ማማሩ ነው» ሲላት ሰማሁ።

ዞር ስል መዶሻ ስቲኮቹን ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ማይስትሮም አይቶታል። ቆሞ የሻርፑን ጫፍ ይፈትላል።

የቼሎዬን መቃኛ ያዝኩና ወደ ታች አዞርኩት። መምህርቷ አገር የሸጥኩ ያህል አየችኝ።

«እርስዎም አባባ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰውዬው ሊያለቅስ ነው።»

መቃኛው እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲል አዳራሹ ሳቀ። ይሄኔ መዶሻ ስቲኮቹን መልሶ አወጣና፣ ያንን ሲጥታ እየተከተለ ቀስ ብሎ መምታት ያዘ። ሰዉ አጨበጨበ። ባለ ጥርሷ ሴትዮ ተነስታ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ሌሎችም ተከተሏት። መምህርቷ «ለዛሬ ብቻ!» ብላ ክሮቿን አላላች። ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ጀምረን አራተኛውንም አስከተልን። ጥሩ ተጫወትን ብዬ አልዋሽም፤ አብረን ግን ጨረስን።

መዶሻ ላቡን እየጠረገ ወደ ማይስትሮ ሄደ።

«በል፣ የሚቀጥለውን መቼ ነው የምናበላሸው?»

መምህርቷ በማግስቱ ቫዮሊኗን ወደ ክብሩ መለሰችው። የኔ ቼሎ ግን እስካሁን እንደ ወረደ ነው። «ይቃኙት እንጂ አባባ!» ስትለኝ፣ መቃኛው አልዞር ብሎኝ ነው እላታለሁ። በአንድ ጣት ይዞራል። ግን ከጋራዡ ድንገት ቢጠሩኝ፣ እስክቃኝ ማን ይጠብቀኛል?