የእትዬ ዘነበች ተራ

እኔ ጠርጣራ ነኝ። ኋላ "ምነው ሳትነግረን" እንዳትሉኝ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ሰው ሳይጠረጥር ጡረታ የወጣ የመጋዘን ኃላፊ ካወቃችሁ አስተዋውቁኝ፣ እሱንም ልጠርጥረው። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር" የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው መጋዘን ሳይሠራ አልቀረም። ድሮ በዚህ ጠባዬ አዳማ ውስጥ መሳቂያ ነበርኩ። ዛሬ ዘመኑ ራሱ እኔን መስሎ ቁጭ አለ። ሰው የሚሄድበትን አገር ለጎረቤቱ አይናገርም። "የት ነህ?" ብላችሁ ብትደውሉለት "እዚሁ ነኝ" ይላችኋል፤ ሞጆ የሚሄደው ወንጂ ነኝ ይላል፣ ወንጂ የሚሄደው ጭራሽ ስልኩን ያጠፋል። እገሌ ታገተ፣ መኪና መንገድ ላይ ቆመ ሲባል እየሰማ የሚውል ሰው ላይ ማን ይፈርዳል? እኔማ አልፈርድም።

እንግዲህ የእትዬ ዘነበች ተራ የደረሰው በዚህ መሀል ነው።

የሚካኤል ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ነን፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፣ ቄስ ይባርካል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። ስንበተን የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋው የገባበት ቤት በሚቀጥለው ወር ማኅበርተኛው ሁሉ የሚገኝበት ቤት ነው። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ የእኛ ሙሴ እኔ ነኝ። የጥንቱ ሙሴ ሕዝቡን ባሕር አሻግሯል። እኔ አሥር ሰው ይዤ መቂ መድረስ አቃተኝ።

እትዬ ዘነበች ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው መቂ ወስዳ ታኖራቸው ጀመር። ያም ሆኖ አንድም ወር ሳያጓድሉ ከመቂ እየተሳፈሩ ይመጡ ነበር። ያ ሁሉ ወሬ የሚወራበትን መንገድ ሲመላለሱበት አንዳችንም "እንዴት መጡ?" ብለን አልጠየቅናቸውም። ባለፈው ጊዜ ተራው የሳቸው ሆነና ጽዋውን ይዘው ሄዱ። ያኔ ነው መንገዱ ትዝ ያለን።

ነገሩን ያነሣው አቶ ተሰማ ነው። አቶ ተሰማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ፍርሃቱን ሁሉ ሕግ አድርጎ ማውጣት ይወዳል። "ለደኅንነት ሲባል" ማኅበሩ ከእንግዲህ አዳማ ብቻ ይሁን፣ የእትዬ ዘነበች ተራም ይዘለል አለ። ሁሉም በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፣ አልዋሻችሁም። ተራው የተነሣበት ማኅበርተኛ ግን ምን ቀረው? እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት አብረውን ጽዋ የጠጡትን ሴትዮ በአንገት ንቅናቄ እንግዳ አደረግናቸው።

ይህን ለሳቸው የመንገር ዕዳ የወደቀው በሙሴ ላይ ነው። ደወልኩ። ጤናቸውን ጠየቅኩ፣ የልጃቸውን ጠየቅኩ፣ የመቂን ሙቀት ሳይቀር ጠየቅኩ። በመጨረሻ እያለዘብኩ ተናገርኩት። እሳቸው ጠላው እንደተጠመቀ፣ ቄሱም እንደተነገራቸው ገለጹልኝና፣ "ሚካኤል መንገዱን ያውቀዋል፣ እሱ ይመጣል። የምታስቡት እናንተ ናችሁ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሰው ፈርቷል" አልኳቸው።

"አትፍራ አላልኩህም እኮ ደምሴ። ፈርተህ ና።"

ስልኩን ዘጉት።

ሌሊቱን ሁሉ "ፈርተህ ና" የምትለው ቃል ስታገላብጠኝ አደረች። ሲነጋ ለማኅበርተኛው በየተራ ደወልኩ። የአቶ ተሰማ ደም ግፊት ተነሥቷል። ሌላዋ እንግዳ መጥቶባታል። የሌላው ጉልበት ያመዋል፤ ያንኑ ጉልበት ትናንት ገበያ መሀል ሲራመድበት በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉንም ጠረጠርኳቸው። ራሴንም ጠርጥሬ ነበር፤ ነጠላዬን ለብሼ መናኸሪያ የሄድኩት ሐሳቤን ሳልቀይር ልቅደም ብዬ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ጢማም ሰው ተቀመጠ። ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ለምን እኔ ዘንድ? መኪናው ሳይንቀሳቀስ "አባቴ፣ የት ነው የሚወርዱት?" አለኝ። "ወደዚያው ነኝ" አልኩት። ሞጆን እንዳለፍን ስልክ ደወለ። በኦሮምኛ ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነውና አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። "አጠገቤ አንድ ሽማግሌ አለ። እሱ በሚወርድበት እወርዳለሁ" አለ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይን ጀመርኩ። "ፈቃድህ ይሁን" የምትለዋ ላይ ስደርስ በፍጥነት አለፍኳት፣ ፈቃዱ ምን እንደሆነ በምን አውቄ! "ከክፉ ሁሉ አድነን" የምትለዋን ግን ከቆቃ እስከ ዓለም ጤና ደጋገምኳት። በመሀል በመሀል አንድ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ ሰውዬውን አያለሁ። እሱም ያየኛል።

መቂ ስወርድ ወረደ። ወደ ግራ ስታጠፍ ታጠፈ። ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳሙና የምገዛ መሰልኩ፤ እሱም ቆመ። እግሬ አውጪኝ ብዬ የእትዬ ዘነበች በር ላይ ደረስኩ። እሱም እያለከለከ ደረሰ።

"ይቅርታ አባቴ። በስንት ሰዓት ነው የሚመለሱት?"

ምን አገባህ አልኩት። አቀረቀረ። ገመቹ እንደሚባል፣ እዚሁ መቂ የመስኖ ሞተር ሊጠግን እንደመጣ ነገረኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ደርሶ ፈርቶ ተመልሷል።

"እኔ ጴንጤ ነኝ። ግን ማተብዎን አየሁና አጠገብዎ ተቀመጥኩ። ለእናቴም ደውዬ ከአንድ ሽማግሌ አልለይም አልኳት። ዓይንዎን ጨፍነው ሲጸልዩ 'እኚህ ሰው ምንም አይፈሩም' አልኩ፣ ልቤ ተረጋጋ። ስመለስም ከእርስዎ ጋር ልሁን ብዬ ነው።"

እስቲ አስቡት! ያ ሰው የተደገፈው እሱን ፈርቼ የጸለይኩትን ጸሎት ነው። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አሳዘነኝና ተውኩት።

እትዬ ዘነበች ድምፃችንን ሰምተው ወጡ። ሳሙኝ። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው በትከሻዬ ላይ መንገዱን አዩት፤ ጥቂት ቆዩና እንደገና አዩት። ማንም የለም። ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት መቀመጫ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተደርድሯል። አፈርኩ፤ ከነሕይወቴ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ገመቹን እጁን ይዘው "ሁለት ናችሁ፣ ግቡ" አሉ። ጴንጤ ነኝ ቢላቸው "ጴንጤስ አይርበውም?" ብለው አስቀመጡት። ቄሱ ባረኩ፣ የሰፈር ነዳያን ገብተው በሉ፣ ገመቹም ጠላውን ትቶ ዳቦውን በላ። ሞተሩን ሊያይ ሄዶ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሶ ወሰደኝ።

ሌላ ማኅበርተኛ ስላልነበረ ጽዋውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስወጣ እትዬ ዘነበች አንድ ትልቅ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና "ለፈሩት አድርስልኝ። በረከቱ እንዳይቀርባቸው" አሉ። ከልባቸው ይሁን ለሽሙጥ ፊታቸውን ባየው ባየው አልገባኝም።

ከገመቹ ጋር ስንመለስ ቆቃ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ድምፁን ስንሰማ አሥራ ሁለት ሰው እንደ አንድ ሰው ጎንበስ አለ። ጎማ መሆኑ ሲታወቅ እንኳ የሳቀ አልነበረም። ወርደን መንገድ ዳር ቆምን፤ አንዱ አንዱን በቆረጣ እያየ፣ ሁሉም ኪሱን እየነካ። አንዲት ሴት በእጄ ያለውን ጥቅል አየችና ሁለት እርምጃ ራቀችኝ። "አባባ፣ የያዙት ምንድን ነው?" አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ፈታሁላት። ጽዋውን አየች፣ ዳቦውን አየች፣ አማተበችና ማልቀስ ጀመረች። እሷም ከተነሣች ጀምሮ በፍርሃት ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም ኖሯል።

ዳቦውን ቆረስኩ። ሁሉም በላ፤ ሾፌሩም፣ ረዳቱም በላ። ማን የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰዉ አፉ ሲፈታ ወሬውም ተፈታ፤ ሁሉም የሚሄድበትን አገር እውነተኛ ስሙን ጠርቶ ተናገረ።

አዳማ ስገባ አቶ ተሰማ ደወለልኝ። ደም ግፊቱ ወርዶለታል። በሰላም ስለገባሁ ፈጣሪን አመስግኖ እትዬ ዘነበች ከዳቦው ምን እንደላኩለት ጠየቀኝ።

"ለፈሩት አድርስ ብለውኝ ነበር" አልኩት፤ "መኪና ውስጥ ላሉት አደረስኩ።"