የማዳም ድመትና የከድጃ ክንድ

ድመት የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጅዳ ገጥሞኛል፤ ወላሂ፣ አላህ አያጋጥማችሁ! እኔ ማለት እዚያው ጅዳ ኑዝላ ሰፈር ፍሪጅ ብቻዬን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ የምወጣ ጎረምሳ ነኝ፣ ማንንም ጠይቁ። እህቴ ከድጃ የምትሠራበት ቤት ያለችው ድመት ግን አሸነፈችኝ።

ድመቷ ጸጉሯ ረገፈና ጀርባዋ ላይ ክብ ክብ ጭርት ወጣባት። የከድጃ አሠሪ ማዳም ዘመድ የሞተባት ይመስል አለቀሰች። ሐኪም ቤት ስትወስዳት ሳጥኗን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ቅባት ሰጠና "ሰው ላይም ይጋባል፣ በጓንት ቀቡ" አለ። ማዳም ጓንቱን ለራሷ ወሰደች፤ የምትቀባው ግን ከድጃ ናት። ይሄ ምን የሚሉት ሂሳብ ነው?

ብዙም ሳይቆይ ያው ጭርት ከድጃ ክንድ ላይ ወጣ። "ወንድም ጋሼ፣ ካየችብኝ ታባርረኛለች" ብላ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለበሰች። አንድ ቀን ዕቃ ልታጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ ማዳም አየቻት።

"ድመቴን በሽታ ያስያዝሻት አንቺ ነሽ! ኸላስ፣ በቃ፣ ውጪ!"

ተደውሎልኝ በረርኩ። የኔ አረብኛ አረቦቹን ያስቀናል፤ ያን ቀን ግን "ማዳም፣ ከድመቷ ነው የያዛት" ከማለት ሌላ አልወጣኝም። በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

እኔ ዛሬ የት ትደር፣ ነገ የት ትሥራ እያልኩ ስጨነቅ፣ ከድጃ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ክንዷን ታካለች።

"ወንድም ጋሼ፣" አለችኝ፣ "ለድመቷ የማታውን ቅባት ማን ይቀባላታል?"