አልጋ ሥር ያለችው ደብተሬና የትርንጎ መጽሐፍ

ወገኖቼ፣ ሻይ እየጠጣችሁ ከሆነ መጀመሪያ ዋጡት። ዛሬ የሆንኩትን ስትሰሙ በአፍንጫችሁ ይወጣል!

ስድሳ ሰው ፊት አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ክፍት! ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው።

ደግሞ ማንም አላስገደደኝም። በገዛ እጄ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተለማምጄበት!

ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እዚህ ወደብ ከተማችን ውስጥ፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ላይ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ትርንጎ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። እኩያዬ ናት። ማንበብ አትችልም፤ መጻፍም አትችልም። ግጥም ግን ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ከአፏ ይወርዳል። እንዴት እንደሚያናድድ አትጠይቁኝ!

አንድ ቀን ሊፍታችን ሲበላሽ ስለ ሊፍቱ ግጥም ገጠመች። ለልጇ በድምፅ ልትልክ ስትል ተሳስታ በሞአዶናችን፣ ማለትም በአረጋውያን መሰብሰቢያ ክበባችን የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለቀቀችው።

በቃ። ሰው አበደ!

ልብ፣ ጭብጨባ፣ "ኮል ሃካቮድ" (ጎበዝ ማለታቸው ነው)፣ ሌላ ጨምሪልን! የሞአዶናችን አስተባባሪ አስቴር "ይህማ መጽሐፍ መሆን አለበት" ብላ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ በየቀኑ ድምፅ ትልካለች፣ ሰፈሩ ተከፋፍሎ ይጽፋል። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ይርጋ እንኳ ስልኩ ላይ እየነካካ ሃያ ግጥም ጻፈላት። በአንድ ጣት! አንዲት ልጅ ሮቫ ዩድ ዛይን ከሚባለው ሰፈር እየተመላለሰች ሽፋኑን ሠራች፤ ለሱኮት፣ ለዳስ በዓል የምንይዘውን ዓይነት ቢጫ ትርንጎ ሣለችበት። አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር መጋዘን የሚሠሩት ደግሞ መጽሐፉን ከማተሚያ ቤት በመኪናቸው ጭነው አመጡላት።

እኔስ?

እኔማ ገጣሚ ነኝ እኮ!

አታውቁም ነበር? ማንም አያውቅም። እዚህ አገር እንደገባን ለዕብራይስጥ ትምህርት በሰጡኝ ደብተር ላይ ነው የጀመርኩት። ዛሬ አራት ደብተር ሞልቷል። አልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቆልፎበታል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሰው እንዳይሰርቀኝ! (ማን እንደሚሰርቀኝ እስካሁን አላወቅሁም።)

አስቴር እኮ ጠይቃኛለች፤ አልዋሽም። "ጋሼ ታከለ፣ እርስዎስ የጻፉት ነገር የለም?"

"እኔ ለሞአዶን አልጽፍም" አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

ከዚያ ሁለተኛ እስክትለምነኝ ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት። አንድ ወር። የዘንድሮ ሰው አንዴ ብቻ ነው እንዴ የሚጠይቀው? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!

ይባስ ብለው፣ ድሮ አስተማሪ ስለነበርኩ የትርንጎን ግጥሞች እንዳርም ጠየቁኝ። "ዓይኔ ደክሟል" አልኩ። በማግስቱ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ወደቡ ውስጥ የቆመችውን መርከብ ስም ጮክ ብዬ ሳነብ ባለቤቴ ዝማም ያዘችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ዳነ?"

ቅናት ለካ መነጽር ነው።

ዛሬ የመጽሐፉ ምረቃ ነበር። ትርንጎ መፈረም ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም እየነከረች ታትማለች። ሰው ለአሻራ ተሰለፈ! እኔ የደራሲ ፊርማ ስለማመድ የጨረስኩት እስክሪብቶ ስንት ነው?

እኔም ባዶ እጄን አልሄድኩም። የእኛን የጎንደሮችን ልማድ ታውቃላችሁ፤ አንዷ ስትገጥም ሌላው ከመሃል ተነሥቶ "ተቀበይ!" ይልና ግጥም ይወረውራል፤ እሷ ትቀበላለች፣ ቤቱም ይደግመዋል። ለትርንጎ ሁለት መስመር አዘጋጅቼላታለሁ። የመጀመሪያው ማር፣ ሁለተኛው ሚጥሚጣ። መጽሐፉን ሰው እንደጻፈላት አስታውሼ አንገቷን ላስደፋት! ሻወር ውስጥ ሦስት ቀን የተለማመድኩት እሱን ነው።

ትርንጎ መድረክ ላይ ወጣች። መጽሐፏን ዘቅዝቃ ይዛ ግጥሙን በቃሏ ታወርደዋለች። ሰው ይስቃል፣ ሰው ያለቅሳል። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። የእኔ ትከሻ ላይ!

አልቻልኩም። ተነሣሁ።

"ተቀበይ ትርንጎ!"

"አምጣ ታከለ!"

"የትርንጎ መጽሐፍ ደስታ ዘነበባት..."

አዳራሹ እያጨበጨበ ደገመው። የእኔን ግጥም በሰው አፍ ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጣፈጠኝ። ምን ጣፈጠኝ ብቻ፣ ሰውነቴን ወረረኝ!

ሁለተኛው መስመር ጠፋ።

ጥርግ ብሎ! አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ዝማም ጣሪያውን ታያለች።

ትርንጎ ጠበቀችኝ። አሁንም ጠበቀችኝ። ከዚያ ፈገግ አለችና ራሷ ሞላችው፦

"አልጋ ሥር ያለችው እህቷ ቀናችባት!"

እልልታው! ስድሳ ሰው እየደጋገመ፣ ወደ እኔ እየዞረ!

አልጋ ሥር? ማን ነገራት? ወደ ዝማም ዞርኩ። አሁንም ጣሪያውን እያጠናች ነው። ለካ ነጭ ሽንኩርቱን አብረው ነው የሚልጡት!

ጉዱ አላለቀም። አስቴር ጽፋ ይዛዋለች። "ሁለተኛው እትም ላይ እናስገባዋለን። የመጀመሪያው መስመር የጋሼ ታከለ፣ ሁለተኛው የእማማ ትርንጎ" አለች።

ይታያችሁ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ጽፌ የሚታተምልኝ አንድ መስመር። እሱም የምቀናባትን ሴት የሚያወድስ!

ይርጋ መጥቶ ያቺን ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ቀሰራት። "ጋሼ ታከለ፣ ይቺ ጣት ሥራ ፈትታለች።"

በሩ ላይ ደግሞ ትርንጎ ክንዴን ያዘችኝ። "ነገ ደብተሮችህን ይዘህ ውረድ። አንተ ታነባለህ፣ እኔ እሰማለሁ።"

ዕድሜዬን ሙሉ አንባቢ ስመኝ ኖሬ የተገኘችልኝ ማንበብ የማትችል!

አሁን ይህን ስጽፍላችሁ የጠፋብኝ መስመር ትዝ አለኝ። "ሰፈሩ በሙሉ እጁን አስገባባት" የሚል ነበር። የእሷ ይሻላል። ይህን ማለቴን እንዳትነግሯት!

ዝማም ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትታ በሩ አጠገብ አቁማዋለች። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም፤ ደረጃው ግን ወደ ታች ነው፣ አሥራ ስድስት ብቻ።

አንድ ነገር ነው የከነከነኝ። ትርንጎ "ውረድ" ያለችኝ አንዴ ነው።

እስቲ ኮሜንት ላይ ፍረዱኝ፤ ሁለተኛ እስክትለኝ ልጠብቅ?