ለኦፔራው አባት ሽማግሌ ስለመላክ

ቀን፦ እሁድ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ 9፡00 ተብሎ 9፡50 የተጀመረ
ቦታ፦ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን ኮሙናል ቤት
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አራት ካልተገኙ ስብሰባ የለም። ሦስት ነበሩ። አራተኛው ሱሌማን ሚኒባሱን ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ አቁሞ አንድ እግሩን በበሩ አስገባ። ሰብሳቢው “እግሩ ካለ እሱም አለ” ብለው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አበሰሩ።

የተገኙ፦
ሀጂ ሙኽታር፣ ሰብሳቢ፣ ምድር ላይ ሱቅ ያላቸው
እትዬ የሺአረግ፣ አባል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አቤቱታ አቅራቢ
ሱሌማን፣ አባል፣ የሰሚት መገናኛ ታክሲ ሹፌር
ጋሽ ደቻሳ፣ አባል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አቤቱታ የቀረበባቸው፣ አባቴ
ይትባረክ፣ ድምፅ የማይሰጥ፣ የሲዲ ማጫወቻ እንዲጠግን የተጠራ ኤሌክትሪሻን፣ የታላቅ እህቴ የሀይሚ እጮኛ። (ጋሽ ደቻሳ “እጮኛ የሚለው ይሰረዝ፣ የላከውን ሽማግሌ ሁለቴ መልሻለሁ” አሉ። አልሰረዝኩም።)
ጸሐፊ፦ ዮሃና ደቻሳ። “ትምህርት ካቆመች ጊዜ አላት” ተብዬ ያለ ተወዳዳሪ ተመረጥኩ። ጊዜ የለኝም።

አጀንዳ 1፦ የ“ሴትዮዋ” ጉዳይ

“ሴትዮዋ” ማለት ጋሽ ደቻሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ የሚከፍቱት የጣሊያን ኦፔራ ነው። አትላስ አካባቢ ሆቴል አስተናጋጅ ሳሉ አንድ እንግዳ የሰጣቸው ባለ ሁለት ሲዲ ነው፤ ሐይቅ ዳር የምታለቅስ ልጅ አለችበት ይላሉ። የደራሲውን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው የረሱት ሰው መሆን አለበት።

እትዬ የሺአረግ ሴትዮዋ እንዳስቸገረቻቸው አመለከቱ። ሰብሳቢው አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ድምፁ ይቀነስ አሉ፤ እጅ ወጣ፤ ጸደቀ (ውሳኔ 1)።

እትዬ የሺአረግ ግን ብድግ ብለው “ማን ቀንሱ አላችሁ? ጨርሱት ነው ያልኩት! ሁለት ወር ሙሉ ልጅቷን ሐይቅ ዳር ሲያስለቅሳት ይቆይና ልክ መጨረሻው ላይ ቀጥ! እሁድን ሙሉ ምን ሆና ይሆን እያልኩ ወጥ አሳርራለሁ” ሲሉ ገለጹ።

ጋሽ ደቻሳ ሲመልሱ ሁለተኛው ሲዲ መጨረሻው ላይ እንደተጫረ፣ ይትባረክም ለዚሁ እንደተጠራ አስረዱ። “ለሥራ ነው የጠራሁት” አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው “ለሥራ ብቻ” ብለው ጨመሩ።

አጀንዳ 2፦ ማስረጃ ማዳመጥ

ይትባረክ ሲዲውን በቲሸርቱ ጫፍ ወልውሎ ከፈተው።

መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ብቻ ናቸው፤ ውሃ ዳር የተቀመጥክ ነው የሚመስልህ። ከዚያ ሴትዮዋ ቀስ ብላ ትጀምራለች፣ ዕቃ ይዞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች። ቀጥሎ የት እንደረገጠች ሳይታወቅ ጣሪያ ላይ ሮቶው ጋ ትደርሳለች፤ እዚያ ሆና ድምጿን ታቀጥነዋለች፣ ታቀጥነዋለች፣ ክር ታደርገዋለች፣ አይበጠስም። እኔ የምሰማው ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ነው። ግን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ውሸት አይጻፍም። ሱሌማን ወጥቶ ሞተሩን አጥፍቶ ተመለሰ፤ በሁለት እግሩ ገባ።

ጋሽ ደቻሳ በሆቴል ጣሊያንኛቸው አስተረጎሙ። አባትዬው ባለ ወፍጮ ነው። ልጅቷ የምትወደው ጀልባ ቀዛፊ ነው። አባትዬው “ቋሚ ሥራ የለውም” ብሎ ከልክሏታል።

ሱሌማን ጀልባም ታክሲ መሆኑን ጠቅሶ፣ ሰውዬው የትራንስፖርት ዘርፉን በሙሉ እንደሰደበ፣ መገናኛ ዝናብ ላይ ቆሞ ቢያገኘው እንኳን እንደማይጭነው አስታወቀ።

ከሁሉም በላይ የተቆጡት ጋሽ ደቻሳ ናቸው። “ምን ዓይነት አባት ነው! ልጅቷ እግሩ ላይ ወድቃ እየለመነችው! የሰው ሥራ ነው እንዴ የሚታየው? ሰውየው ነው የሚታየው!” አሉ። በዚህ ጊዜ የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ግድግዳ ላይ ተወረወረ። ይትባረክ አንስቶ አቀበለኝ፤ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ድምፁ እንዲጨመር (ውሳኔ 2)፣ እንዲሁም ለኦፔራው አባት ጣሊያን ድረስ ሽማግሌ እንዲላክ (ውሳኔ 3) በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሀጂ ሙኽታርና ሱሌማን ተመረጡ። ሱሌማን ሐይቁ ጋ መኪና ማቆሚያ መኖሩን ጠየቀ፤ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ጋሽ ደቻሳ “እኔም አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ፣ እምቢ ካለ ከደጁ አልነሳም!” ሲሉ ተጨበጨበላቸው።

ጸሐፊዋ ዕድል ሳይሰጣት “አባዬ፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች እኮ ናቸው እኛ ሳሎን ቁጭ ብለው የለመኑህ! ይትባረክን ‘ቋሚ ሥራ የለውም’ ብለህ መለስካቸው! ሀይሚ ኪችን ቆማ እየሰማችህ!” አለች። ሰብሳቢው ጸሐፊ ሐሳብ እንደማትሰጥ አሳሰቡ። ሰጥቼ ጨርሼ ነበር።

አጀንዳ 3፦ ያልተያዘ

ሲዲው ይህ ሁሉ ሲሆን እየሄደ ነበር፤ መጨረሻው ጋ ደረሰ። ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ ለመነች። አባትዬው ሊመልስላት ጀመረና ጭረቱ ላይ ተያዘ። ያችኑ ጅማሬ ይደጋግማል፣ አይጨርሳትም። ይትባረክ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ደቻሳ “ተወው” አሉ። አስራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ።

እትዬ የሺአረግ “መልስላት እንጂ አንተ ሰውዬ!” ብለው ጮኹ። ማጫወቻውን አላዩም። ጋሽ ደቻሳን ነበር የሚያዩት።

ጋሽ ደቻሳ ተነስተው ራሳቸው አጠፉት።

“ጣሊያን ሩቅ ነው” አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡን። “የፊታችን እሁድ ሦስተኛ ፎቅ ኑ። አልመልሳችሁም።”

የይትባረክ ካቻቢቴ ከእጁ ወደቀ። እስካሁን አላነሳውም።

ውሳኔ 4፦ ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 ተሽረዋል። ድምፁ አይቀነስም፣ አይጨመርም። ጣሊያን የሚሄድ ሽማግሌ የለም። ሲዲው ከነጭረቱ ይቆይ፤ የኦፔራው አባት ምን እንደመለሰ ኮሚቴው አይመለከተውም። እትዬ የሺአረግ “እኔን ይመለከተኛል” ብለው የልዩነት ሐሳብ አስመዝግበዋል።

ጋሽ ደቻሳ ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን አነበቡ። “እጮኛ” የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ መስመር አለፉ።

ስብሰባው 11፡40 ላይ ተበተነ። ስንወጣ ሀይሚ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳችን ላይ ወደ እኛ አጎንብሳ ነበር። ልብስ ላሰጣ ነው አለች። እጇ ላይ ልብስ አልነበረም።