የከሰሱኝን ወረቀት ፍለጋ

ሰቆጣ ላይ ኢንጅነር መሆን እኮ ቀላል ነው። ሜትር ይዛችሁ መንገድ ዳር ጎንበስ ካላችሁ አለቀ። ባለ ባጃጁ «ኢንጅነር፣ ላድርስህ?» ይላል፤ ሻይ ቤቷ «ኢንጅነር፣ ስኳር ልቀንስ?» ትላለች። ጎረቤቶቼማ ዲሻቸው በነፋስ ሲዞር፣ የበራቸው ቁልፍ አልዞርም ሲል የሚጠሩት እኔን ነው። «ኧረ እኔ የውሃ ነኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ።

አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ስጠራ ኖሬ ፈቃዴን ብታዩት ግን «ግራጁዌት ኢንጅነር» ይላል። ተመርቋል፣ ገና ምንም አልሠራም እንደ ማለት ነው። ፀጉሬ ሸሽቶ አልቋል፤ እኔ ገና ተመራቂ! የሠራሁት ንድፍ ላይ የሚፈርመው ደረጃውን የያዘ ሌላ ሰው ነው። እኔ ተራራ እወጣለሁ፣ እሱ ይፈርማል።

አብረውኝ ከተመረቁት አንዱ ወልድያ ሞባይል ይሸጣል፣ አንዱ አረብ አገር ሄዷል፣ አንዷ ባንክ ገብታለች። «አንተስ ምን ይዞህ ነው?» ይሉኛል። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦኖ ላይ ሲደርስ ቆማችሁ አይታችኋል? አሮጊቶች እንደ ልጅ ይሳሳቃሉ፣ ሰው በባዶ እጁ እየቀዳ ፊቱን ይታጠባል። እኔም ዘወር ብዬ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ሪፖርት ስጽፍ ደስታው ይጠፋል፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ዘንድሮ ታዲያ የቡድን መሪ ቦታ ወጣ። የሚፈልጉት «ፕሮፌሽናል ኢንጅነር» ነው። ደረጃዬን እስከ አርብ ካላሳደግኩ፣ ከእኔ አምስት ዓመት ዘግይቶ የገባው ባልደረባዬ አለቃዬ ሊሆን ነው። ቅናት አትበሉኝ። እሺ፣ ቅናት ነው! ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ባለሙያ ትሁት ናት፣ እሱ ነው የባሰው። በኃላፊነት የመራሁት ሥራ ማስረጃ ትፈልጋለች፤ ሥራው በተሠራበት ዘመን የተጻፈ፣ ስሜ ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት። በጦርነቱ ክፉ ጊዜ የቢሯችን ወረቀት ተበትኖ እንደቀረ ነገርኳት። ከልቧ አዘነችልኝ። አዝናም «አንድ እንኳ ይበቃኛል፤ ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩልኝ፣ ግን ከአርብ እንዳያልፍ» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ላብ ላብ አለኝ። አንድ ወረቀት ትዝ ብሎኛላ! የክስ ወረቀት። የተከሰስኩት ደግሞ እኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሰቆጣ ዙሪያ አንድ ቀበሌ ምንጭ አጎልብቼ፣ ቱቦ ዘርግቼ፣ ቦኖ ተክዬ ነበር። ቱቦው አንድ ጉብታ ላይ ይወጣል። ጉብታው ላይ አየር ማስወጫ መግጠም ነበረብኝ። ዕቃው አልደረሰም፣ ርክክቡ ደረሰ፤ እኔም «ለጊዜው ነው» ብዬ አስረከብኩ። አየሩ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ውሃውን አላሳልፍ አለ። ቦኖው አንድ ቀን ያንጠባጥባል፣ ሁለት ቀን ይደርቃል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ከሰሰኝ። የቦኖ ጠባቂዋ ብርቄ በእጇ ጻፈችው፤ «የሥራው ኃላፊ ኢንጅነር» ብላ ስሜን እስከ አያቴ አስፍራለች። ቢሮው «ደርሶናል» ብሎ ማኅተም መታበት፣ እኔም ፈረምኩበት። ከዚያ ወደ ኒሯቅ ተዛወርኩ፣ ክፉው ጊዜ መጣ፣ ሰቆጣ ስመለስም አፍሬ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ። ሕዝቡ ጋ የቀረው ቅጂ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ። የዚያ አገር ሰው የጋራ ወረቀቱን የሚያስቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው።

ማክሰኞ በእግሬ ሄድኩ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው። መስቀል ተሳልሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አሁን ምን ልበል? «የከሰሳችሁኝን ወረቀት ስጡኝ፣ ልሾምበት» ይባላል? አፌ እንቢ አለኝ።

«አባ፣ ያ ወረቀት እንቅልፍ ነስቶኛል» አልኳቸው።

ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ወረቀቱ የሚወጣው ነገሩ ሲያልቅ ነው። ውሃውስ?» አሉኝ። ብርቄ እዚያው ቆማ ነበር፤ የደረቀውን ጀሪካኗን ከፊቴ አኖረችና ሄደች። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር!

ረቡዕ ከቢሯችን መጋዘን ዘግይቶ የመጣውን አየር ማስወጫ ፈርሜ አወጣሁና ተመለስኩ። ከቀበሌው ሰዎች ጋር ጉብታውን መቆፈር ጀመርን። ቱቦው እኔ ባልኩት ቦታ የለም። አንድ ክንድ ወደዚህ፣ ሁለት ክንድ ወደዚያ፤ ድንጋይ ብቻ። ሰዎቹ በኽምጥኛ ይነጋገራሉ። የከተማ ልጅ ነኝና ግማሹ ያመልጠኛል፤ ስሜ ሲነሳ ብቻ ልቤ ዱብ ይላል። ሲመሽ ቱቦው አልተገኘም። እዚያው አደርኩ።

ሐሙስ ረፋድ ተገኘ። ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ፣ አጠበቅኩ። ምንጩ ጋ ያለውን መዝጊያ ሲከፍቱት አየሩ ፉጨት አወጣ፤ ረጅም፣ አምስት ዓመት የታፈነ ፉጨት። ከታች ከቦኖው ጩኸት ሰማሁ። መጣ! እየተንደረደርኩ ወረድኩ። ብርቄ አራቱንም ቧንቧ ከፍታለች፣ ውሃው ሙሉ ለሙሉ ይፈሳል፤ ልብሷ ርሶ ትስቃለች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ለአንድ አፍታ አርብንም ፈቃዱንም ረሳሁት።

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ሕዝቡ ክብ ሠራ። ማኅተሙ ሰማያዊ ሆኖ ከሩቅ ይታየኛል፣ ፊርማዬም አለ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ።

«ይህ ልጅ» አሉ ቄሰ ገበዙ፣ «በዚህ ወረቀት እንቅልፍ አጥቶ ማንም ሳይጠራው መጣ። በደሉን በእጁ አነሳ። እኛም ክሳችንን አነሳን። ስሙ በክፉ ተጽፎ አይቀርም!»

ያኔ ገባኝ። እዚያ አገር እርቅ ሲወርድ የክሱ ወረቀት በሕዝብ ፊት ይቀደዳል፤ ቂም እንዳይቀር።

«አባ፣ ቆይ! ቆይ እባክዎ! ይቅር!» አልኩ።

«አየኸው ትሕትናውን!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ኧረ ፎቶ ላንሳው!»

«እሷ ታነሳሃለች» አሉና ስልኬን ነጥቀው ለብርቄ ሰጡ፣ እኔን ጎትተው ከቄሰ ገበዙ ጎን አቆሙኝ። ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ቀደዱት። አንዴ። ደግመው። ደግመው። እልልታው ቀለጠ። ቁርጥራጩን ቦኖው ሥር በተኑት፤ የለቀቅኩት ውሃ ጠራርጎ ወደ ጎመኑ መደብ ወሰደው። ልሮጥ ፈለግኩ፣ መንገድ የሚሰጠኝ የለም። ሰው ሁሉ እያቀፈ ይስመኛል። አሁን እውነቱን ብነግራቸው ምን ይሉኛል? ደስታቸውን ላፈርስ ነው? ተመረቅኩ፣ አሜን አልኩ።

አርብ ከተማ እንደገባሁ ብርቄ ያነሳችውን ፎቶ ላክሁ። ባለሙያዋ ወዲያው ደወለች።

«ሠርግ ነው?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉብታውን፣ አየሩን፣ ክሱን፣ እርቁን። ሳትስቅ አዳመጠችኝ። በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በጣም ልትረዳኝ እንደፈለገች ያስታውቅባታል፣ «ቢሮው እስኪዘጋ አንድ ሰዓት አለን። ሌላ የተከሰሱበት ቦታ የለም?» አለችኝ።

አሰብኩ። ሌሎች ስምንት ቦኖዎች ሠርቻለሁ። ስምንቱንም በልቤ ዞርኳቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ቅር ያለው ሰው ፈለግሁ።

«የለም እህቴ» አልኳት፤ «ሌሎቹን በደንብ ነው የሠራኋቸው።»

«ታዲያ እሱን እኔ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።