ክቡር ወንፊት

የፈለጋችሁት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቡ፣ አንድ የሚያጣራ ሰው አታጡም። መብራት ሊሄድ፣ ሲስተም ሊቋረጥ፣ ኃላፊው ስብሰባ ሊገባ ይችላል፤ እሱ ግን ከመስኮቱ ኋላ አለ። ተወልዳችሁ፣ አድጋችሁ፣ ልጅ ድራችሁ ፊቱ ብትቆሙ እንኳ መኖራችሁን ያጣራል። አዳም ራሱ ከገነት ተባሮ ቢመጣ መሸኛ ሳይዝ አይመዘገብለትም።

የእኛ የካዛንቺሱ አርአያ ይባላል። ሰፈሩ ደግሞ ክቡር ወንፊት ይለዋል። ክቡር የምንለው ስናሾፍ ነው፤ ወንፊት የምንለው ግን ከልባችን ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው፣ የሚያድሰው፣ የሚከለክለው እሱ ነው። ሰውየው ቀጭን፣ ክራቫቱ ወፍራም፣ ድምፁ ከፍ ብሎ የማያውቅ ነው። ባለጉዳይ ሲጮህበት ታግሶ ይሰማና አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ «እኔማ አምንዎታለሁ። የማያምንዎት መመሪያው ነው።» ከዚህ በኋላ ምን ትለዋለህ? መመሪያውን ጠርተህ አትሰድብ ነገር።

ለዘመድ ያዳላል እንዳትሉ። ሚስቱ መድኃኒት ሲጋቡ መታወቂያዋን ወደ ወረዳችን ልታዛውር መጥታ ነበር። ከነበረችበት ወረዳ መሸኛ ስላልያዘች መለሳት። ጠዋት ከአንድ ቤት፣ ከአንድ አልጋ ተነስተው፣ በአንድ ታክሲ እኮ ነው የመጡት። እሷም ሳትቆጣ ሄዳ አመጣች። እኔ ብሆን በዚያው እናቴ ቤት እገባ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ለጎረቤት ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ተላከ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ በር ላይ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ተለማመጡ። የልጅቷ አባት ገና ሊመልሱ ሲሉ አርአያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ያላገባች ስለመሆኗ ማረጋገጫ ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ያ ጋብቻ እንዴት እንደተረፈ ዛሬም ይገርመኛል። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የላከው ሰው የለም።

በዕድሜው አንድ ሰው ብቻ ነው ልቡን ያሸነፈው፤ ለግንባታ ሥራ የመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ። ሰውየው ፓስፖርቱን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሥራ ፈቃዱን በቀን ቅደም ተከተል አስይዞ፣ የእያንዳንዱን ኮፒ ሦስት ሦስት አድርጎ መጣ። አርአያ አገላብጦ አየና፣ ተነስቶ ጨበጠው። ሲሸኘው ደግሞ ወረፋ ላይ ወደነበርነው ወደ እኛ ዞሮ፣ እንደዚህ ያለ ነዋሪ ቢኖረን የት በደረስን ነበር አለ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ከላይ አዲስ መመሪያ ወረደ። የትውልድ ቦታው ከአገር ውጭ የሆነ ነዋሪ መታወቂያ ሲያሳድስ፣ ዜግነቱ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ከሚያየው ክፍል ተጣርቶ ይምጣ የሚል ነው። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ መሳቢያ ውስጥ ያርፋል። አርአያ ግን በላስቲክ አስለብጦ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ደስታው ልጅ የተወለደለት ሰው ደስታ ነበር።

የመጀመሪያዋ ተጣሪ ሉሊ ሆነች።

ሉሊን የማያውቅ ካዛንቺስን አያውቅም። ማኪያቶ ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ማሽኑ አሮጌ ነው፣ አፏ ደግሞ ከማሽኑ ይሞቃል። የተወለደችው አስመራ ነው። ገና ጡት ሳትጥል በእናቷ ጭን ላይ ሆና በአውቶቡስ መጣች፤ ያኔ ለዚህ መንገድ የሚጠየቀው ቲኬት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ አስመራ ሌላ አገር ሆነች። ሉሊ እንደምትለው፣ ድንበር ተሻግሮ የሄደው ከተማው ነው፣ እሷማ ከካዛንቺስ ንቅንቅ አላለችም።

አሁን ግን መነቃነቅ ግድ ሆነባት። ቤቱ ለልማት ሊነሳ ቀን ተቆርጦለታል። ብዙ ጠይቃ፣ ብዙ ተሯሩጣ ሰንጋ ተራ አንዲት ክፍል አገኘች። አከራዩ እስከ አርብ እጠብቅሻለሁ፣ ካልሆነ ሌላ ፈላጊ አለ ብሏታል። ውል ለመዋዋል የታደሰ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የእሷ ጊዜው አልፎበታል። ክፍሏን ካጣች ማሽኑን የምታስቀምጥበት እንኳ የላትም።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? አርአያ በየቀኑ ማኪያቶውን የሚጠጣው እሷ ጋ ነው። ያን ዕለትም ጠዋት «ሉሊዬ፣ ወተቱን በዛ አድርጊው» ብሎ ጠጥቶ፣ መርቋት ወጣ። እሷም ቤቱን ዘግታ ተከተለችው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ መነጽሩን አደረገና ቀና ብሎ፣

«ስምዎት ማን ይባላል?» አላት።

ሉሊ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። የኡራኤል ታክሲ ተራ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። እሱ ግን የትውልድ ቦታዋን ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ ይጣራልኝ የሚል ደብዳቤ ጽፎ ላከ። በማግስቱም እንደ ልማዱ መጥቶ ማኪያቶ አዘዘ። የወተት ጠብታ የሌለበት ሬት የመሰለ ቡና ሰጠችው፣ ጠጣው።

መልሱ ረቡዕ መጣ። ሕፃን ሆና ስለገባች የመግቢያ ሰነድ ሊኖራት አይችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት፣ ዘመዶቿ ያልሆኑ ሦስት ምስክሮች ወረዳው ፊት ቀርበው ይመስክሩላት ይላል። አንደኛው በቀላሉ ተገኘ፤ ጋሽ ሙሐሲን፣ ከሱቁ በራፍ ላይ ስትድህ ያያት ጨርቅ ነጋዴ። እትዬ የሺሃረግ ደግሞ ከከተማው ጫፍ ካለው ኮንዶሚኒየማቸው በሁለት አውቶቡስ እመጣለሁ አሉ። ሦስተኛው ጠፋ። የድሮው ጎረቤት ግማሹ ተበትኗል፣ ግማሹ አፈር ለብሷል። እኔ እንዳልመሰክር ካዛንቺስ የገባሁት ትናንት ነው፤ ማለቴ በእነሱ አቆጣጠር።

ሐሙስ ዕለት ሉሊ የማትወደውን ነገር አደረገች፤ ለመነች። አርአያ የግድግዳ ጎረቤቷ ልጅ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት። አንተ መስክርልኝ አለችው። እሱም ስኒውን አስቀምጦ፣ አጣሪም መስካሪም መሆን እንደማይችል መመሪያው የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚል ነገራትና ወጣ። ሉሊ ማሽኑ ኋላ ተከልላ አለቀሰች። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሰውየውን ረገምነው። እኔም የድርሻዬን ረግሜያለሁ።

አርብ ጠዋት የተገኙትን ሁለት ምስክሮች ይዘን ሄድን። መስኮቱ ላይ አርአያ የለም፤ እሱ ራሱ ያሠለጠናት ወጣቷ ሳምራ ተቀምጣለች። የት ሄደ ስንላት በአገጯ ወደ ወረፋው አመለከተች። አርአያ ወረፋው መሃል ቆሟል። ክራቫት የለውም፣ ሹራብ ለብሷል፣ ከፊቱ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፣ ከኋላው አንድ የታክሲ ረዳት። ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ወስዶት የማያውቀውን የዓመት ፈቃድ አንዲት ቀን ወስዷል። ፈቃድ ላይ ያለ ሰው አጣሪ አይደለም፤ ስለዚህ መስካሪ መሆን ይችላል። ሌሊቱን ሁሉ መመሪያውን ሲያነብ አድሮ ያገኘው ቀዳዳ ይህ ነው።

ተራው ደርሶ መታወቂያውን በኩራት አቀረበ። ሳምራ ተቀብላ አየች፣ ገልብጣ አየች፣ እንደገና ፊቱን አየች። ጊዜው አልፎበታል። ሰውየው ለራሱ መፈረም ስለማይችል፣ ሌላ ሰው አምኖ ማስፈረምም ስለማይሆንለት የገዛ መታወቂያውን ሳያድስ ኖሯል። ሳምራ ላብ በላብ ሆነች።

«ጋሼ፣ እኔማ አምንዎታለሁ» ስትል፣ ቀሪውን ወረፋው በሙሉ በአንድ ድምፅ ጨረሰላት።

አርአያ አልተቆጣም። እንዲያውም በደንብ ተምራለች ብሎ ሳይደሰት አልቀረም። ፎቶ ሊነሳ ሮጠ፤ አርአያ ሲሮጥ ያን ዕለት ገና አየሁ። ተመልሶ ከወረፋው መጨረሻ ቆመ፤ ቅድሚያ እንስጥህ ያሉትን እምቢ አለ። መታወቂያው ሊታተም ሲል የምሳ ሰዓት ደረሰ፤ የአርብ ምሳ ደግሞ ረጅም ነው። ጋሽ ሙሐሲን ጁምዓ ደርሶ ተመለሰ። እትዬ የሺሃረግ አግዳሚው ላይ አንቀላፉ። ሉሊ ሰዓቷን አየች፣ አከራዩ ሁለቴ ደወለ። አርአያ የተቆለፈው መስኮት ፊት እንደቆመ ነበር፤ አንድ ሰው ውሃ ቢሰጠው እንኳ ወረፋውን ለቆ አልተቀመጠም። በዚያች ሰዓት ሰውየውን ወደድኩት። ምን ላድርግ፣ ወደድኩት!

ሥራ ሲጀመር መታወቂያው ወጣ፣ ምስክሮቹም ቀረቡ። የሌሎቹ ቃል ከተሰማ በኋላ ሳምራ አርአያን ሉሊን በምን እንደሚያውቃት ጠየቀችው። አባቱ የሞተ ጊዜ፣ አርባው እስኪወጣ ድረስ እናቱን ብቻዋን ያላሳደረቻት፣ እሱንም እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ስታደርሰው የነበረች እሷ መሆኗን ተናገረ። ድምፁ አልተለወጠም፤ እንደ ቁጥር ነው ያነበበው። ሳምራም ጽፋ ጨርሳ የመጨረሻውን ጥያቄ አነሳች።

«ከሚመሰክሩላት ሰው ጋር ዝምድና አለዎት?»

አርአያ አንገቱን አስግጎ ጥያቄውን ከቅጹ ላይ ራሱ አነበበ። መዋሸት የማይችል ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«መመሪያው በሚለው ዝምድና፣ የለኝም» አለ። ቀጥሎ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ከመመሪያው ውጭ ግን እህቴ ናት።»

ሳምራ «የለም» ብላ ሞላች፤ የታደሰው የሉሊ መታወቂያ ላይ ማኅተሙ አረፈ። ሉሊ የሹራቡን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ አፈጠጠችበት።

«አንተ ጅል፣ ይኼን ለመናገር ነው የዓመት ፈቃድ የወሰድከው?»

አርአያ አንድም አንቀጽ ሳይጠቅስ፣ አከራዩ ሳይሄድ እንድትደርስ በሩን ከፈተላት።